ብዙ ያርድ አስረክቦ 15 ጊዜ ማሸነፍ፦ በአሜሪካ ፉትቦል መከላከል እንዴት ይለካል?

በ2011 የውድድር ዘመን ግሪን ቤይ ፓከርስ ከ16 መደበኛ ጨዋታዎች 15ቱን አሸነፈ። በዚያው ዓመት በአሜሪካ ሙያተኛ ሊግ በኤንኤፍኤል ካሉት 32 ቡድኖች ለተጋጣሚ ከሁሉ ይበልጥ ያርድ፣ ማለትም የሜዳ ርቀት፣ የሰጠውም ራሱ ፓከርስ ነበር። በአንድ ጨዋታ በአማካይ ከ411 ያርድ በላይ ለቋል። ከመጨረሻ ሁለተኛ የወጣው ኒው ኢንግላንድ ፓትሪየትስ ደግሞ 13 ጨዋታ አሸንፎ እስከ ሊጉ ፍጻሜ፣ እስከ ሱፐር ቦውል ደረሰ።

ሊጉ ቡድኖችን በመከላከል ደረጃ ሲሰጥ የሚያየው የተሰጠውን ያርድ ብዛት ነው። በዚህ ከሄድን የዚያ ዓመት ሁለቱ ደካማ ተከላካዮች በድምሩ 28 ጨዋታ አሸንፈዋል ማለት ነው። ጎበዝ አጥቂ ስለነበራቸው ነው ብሎ ማለፍ ይቻላል፤ እውነትም አለው። ግን ነገሩ በዚህ አያልቅም። ፓከርስ በዚያ ዓመት 31 ኢንተርሴፕሽን ነበረው፤ የተጋጣሚን ኳስ ከአየር ላይ በመንጠቅ ማንም አልበለጠውም። ፓትሪየትስ በያርድ 31ኛ ቢሆንም በተቆጠረበት ነጥብ 15ኛ ነበር። የሰንጠረዡ ቁጥር ሐሰት የለበትም። የሚመልሰው ግን እኛ ያልጠየቅነውን ጥያቄ ነው።

ስለ መከላከል የሚነገር ማንኛውም ቁጥር ሲመጣ ሦስት ነገር መጠየቅ አለበት ብዬ አምናለሁ። ይህ የሆነው በስንት ሙከራ ነው? ከየት ተነስቶ ነው? በማን ላይ ነው? ላለፉት 50 ዓመታት በዚህ ስፖርት ስታቲስቲክስ ላይ የመጣው ለውጥ ሁሉ እነዚህን ለመመለስ የተደረገ ጥረት ነው።

ጨዋታውን ለማያውቅ ሰው ባጭሩ እንዲህ ነው። ሜዳው ከጎል መስመር እስከ ጎል መስመር 100 ያርድ ነው። አንድ ያርድ ከሜትር ትንሽ ያንሳል። ኳስ የያዘው ቡድን 10 ያርድ ለመግፋት 4 ሙከራ አለው። ከተሳካለት እንደገና 4 ሙከራ ያገኛል። ካልተሳካለት ኳሱን ያስረክባል። ለዚህ ነው አብዛኛውን ጊዜ አራተኛው ሙከራ ላይ ሲደርስ ኳሱን በእግር መትቶ ወደ ሩቅ የሚሰደው፤ ፓንት ይሉታል። ኳሱን ይዞ መጨረሻው ክልል ከገባ ታችዳውን ነው፤ ከተጨማሪው ምት ጋር አብዛኛውን ጊዜ 7 ነጥብ ይሆናል። በምሰሶዎቹ መሃል መትቶ ካሳለፈ ፊልድ ጎል ነው፤ 3 ነጥብ። በየጎኑ 11 ሰው ይሰለፋል። አጥቂዎቹና ተከላካዮቹ የተለያዩ ሰዎች ናቸው፤ ኳስ እጅ ሲቀይር ሰዎቹም ይቀየራሉ።

ያርድ ምን ይደብቃል?

መጀመሪያ የሙከራውን ብዛት ይደብቃል። ሁለት ቡድኖች እያንዳንዳቸው 300 ያርድ ለቀቁ እንበል። አንደኛው 75 ሙከራ ገጥሞታል፤ በአንድ ሙከራ 4 ያርድ ለቀቀ ማለት ነው። ሁለተኛው የገጠመው 50 ብቻ ነው፤ በአንድ ሙከራ 6 ያርድ። ሰንጠረዡ ላይ እኩል ናቸው። ሜዳ ላይ ግን አንደኛው ግሩም ነው፣ ሁለተኛው ወንፊት ሆኗል። የራሱ አጥቂ ቶሎ ቶሎ ኳስ እያስረከበ የሚያስቸግረው ተከላካይ ብዙ ሙከራ ይገጥመዋል፤ ድምሩም ያብጣል።

ቀጥሎ ውጤቱ ራሱ አለ። ሦስተኛው ሩብ ላይ በ20 ነጥብ የሚመራ ቡድን የሚፈልገው ሰዓቱ እንዲሄድለት ነው። ስለዚህ ወደኋላ ይሸሽና አጭር አጭሩን ይለቃል። ተጋጣሚው በሜዳው መሃል 8 ያርድ ያገኛል፣ እዚያው ይያዛል፣ ሰዓቱ ይሮጣል። ተጋጣሚው በቸኮለ ቁጥር ኳስ ይዞ መሮጥ ትቶ ይወረውራል። የ2011ዎቹ ፓከርስና ፓትሪየትስ አብዛኛውን ጊዜ እየመሩ ይጫወቱ ነበር። በውርወራ የለቀቁት ያርድ የበዛበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። የዚህ ግልባጭም አለ። «በሩጫ ላይ አንደኛ ተከላካይ» የተባለ ቡድን ስታዩ፣ ተጋጣሚ ስንት ጊዜ ሮጦበት እንደሆነ እዩ። ያልተሞከረበትም አንደኛ ሊወጣ ይችላል።

የዩኒቨርሲቲ ፉትቦል የምትከታተሉ ደግሞ አንድ ነገር ያዙልኝ። ኳርተርባኩ፣ ማለትም ኳስ ወርዋሪው፣ ሳይወረውር ከመስመሩ ኋላ ሲጣል ሳክ ይባላል። ኤንኤፍኤል በሳክ የጠፋውን ያርድ ከውርወራው ሂሳብ ይቀንሳል። የዩኒቨርሲቲው ሊግ ከሩጫው ይቀንሳል። ስለዚህ ኳርተርባክን ደጋግሞ የሚጥል የዩኒቨርሲቲ ቡድን አንድም ሯጭ ሳያቆም «በሩጫ የማይበገር» ሊመስል ይችላል።

ነጥብ ከያርድ ይሻላል፤ ለምን ቢባል ጨዋታ የሚያሸንፈው እሱ ነው። ግን እሱም ንጹህ አይደለም። ከሁሉ የጠራው ምሳሌ በጥር 2001 የተደረገው 35ኛው ሱፐር ቦውል ነው። ባልቲሞር ሬቨንስ ኒው ዮርክ ጃያንትስን 34 ለ 7 ረታ። የጃያንትስ ብቸኛ ታችዳውን የመጣው ከኪክኦፍ፣ ማለትም ነጥብ ከተቆጠረ በኋላ ኳሱ ተመትቶ ጨዋታው ከሚቀጥልበት ምት ነው። ሮን ዲክሰን ተመትቶ የመጣለትን ኳስ ተቀብሎ 97 ያርድ ሮጠ። በዚያች ሰዓት የባልቲሞር ተከላካዮች ሜዳ ውስጥ አልነበሩም። እነሱ ሜዳ ላይ በነበሩበት ጊዜ ሁሉ ጃያንትስ አንድም ነጥብ አላስቆጠረም፤ አምስት ጊዜም ኳስ ተነጥቋል። መዝገቡ ላይ ግን «የተቆጠረበት፦ 7» ይላል። ኳርተርባክ የወረወረውን ተጋጣሚ ነጥቆ ሮጦ ሲያስቆጥርም እንዲሁ ነው። ጥፋቱ የአጥቂው ነው፤ ነጥቡ የሚጻፈው በቡድኑ ላይ ስለሆነ የተከላካዩን ስም ያጠቁራል።

የዚያ ዓመት ሬቨንስ በ16 ጨዋታ 165 ነጥብ ብቻ ነው የተቆጠረበት። ይህ የ16 ጨዋታ ዘመን ክብረ ወሰን ነው። አጥቂው ደግሞ በአንድ ወቅት አምስት ተከታታይ ጨዋታ ታችዳውን አላገኘም። ተከላካዩ ያንን ሁሉ ተሸክሞ ነው የወጣው። ታዲያ በያርድ ደረጃ የዚያ ዓመት አንደኛ ማን ነበር? ቴነሲ ታይታንስ። በታሪክ ከታዩት ታላላቅ ተከላካዮች አንዱ የሆነው ሬቨንስ በራሱ ዓመት በሊጉ መለኪያ ሁለተኛ ነው የወጣው። ታይታንስም ድንቅ ተከላካይ ስለነበረው ቅር አይለኝም። ግን ያርድ ብቻ የሚያይ ሰው ሬቨንስን ያሳንሰዋል።

ቁጥሩ የቆመበት ዘመንም መታየት አለበት። በ1977 አትላንታ ፋልከንስ በ14 ጨዋታ የተቆጠረበት 129 ነጥብ ብቻ ነበር፤ በአንድ ጨዋታ 9.2። በ2013 ሲያትል ሲሆክስ በ16 ጨዋታ 231፤ በአንድ ጨዋታ 14.4። እንዲሁ ሲታይ አትላንታ በሩቅ ይበልጣል። ግን በ1977 አንድ ቡድን በአማካይ የሚያስቆጥረው 17 ነጥብ ገደማ ነበር። በማግስቱ፣ በ1978፣ ተከላካዮች ከመስመሩ 5 ያርድ ካለፉ በኋላ ተቀባዮችን በእጅ እንዳይገፉና እንዳይዙ የሚከለክል ጠንካራ ሕግ መጣ፤ ውርወራ በረከተ። በ2013 አማካዩ ወደ 23 ደርሷል። ሁለቱም ቡድኖች ከዘመናቸው አማካይ ስምንትና ዘጠኝ ነጥብ ገደማ ዝቅ ብለው ቆመዋል። ሲሆክስ በተቆጠረበት ነጥብ፣ በለቀቀው ያርድና በነጠቀው ኳስ፣ በሦስቱም አንደኛ ወጥቷል፤ ከ1985ቱ ቺካጎ ቤርስ ወዲህ ማንም ያላደረገው ነው። ሱፐር ቦውል ላይ የገጠመው ዴንቨር በዚያ የውድድር ዘመን 606 ነጥብ ያስቆጠረ፣ በታሪክ ከሁሉ የበለጠ አጥቂ ነበር። ጨዋታው 43 ለ 8 አለቀ። በሲያትል የሚኖሩ ሐበሾች ያንን ጨዋታ ዛሬም ያነሱታል።

የእያንዳንዱ ሙከራ ዋጋ

እንግዲህ ድምሩ ካታለለን ወደ ትንሿ ነገር እንውረድ፤ ወደ አንዲት ሙከራ።

ተጋጣሚ ሦስተኛ ሙከራ ላይ ነው፤ 8 ያርድ ይፈልጋል። ተከላካዩ 7 ለቀቀ። ሌላ ጊዜ ደግሞ ሦስተኛ ሙከራ ላይ 1 ያርድ ይፈልጋል፤ ተከላካዩ 2 ለቀቀ። በያርድ ቆጠራ የመጀመሪያው የከፋ ነው። በእውነታው ግን በመጀመሪያው ተጋጣሚ የመጨረሻው ሙከራ ብቻ ይቀረዋል፤ በሁለተኛው አራት አዲስ ሙከራ ያገኛል። ሁለት ያርድ ከሰባት ያርድ ይበልጥ የሚጎዳበት ጊዜ አለ። ይህን የማያይ መለኪያ መከላከልን አይቶታል ማለት አይቻልም።

መፍትሔው ያርድን ወደ ነጥብ መቀየር ነው። ሐሳቡን በጽሑፍ መጀመሪያ ካወጡት አንዱ ራሱ ተጫዋች ነበር። ቨርጂል ካርተር የሲንሲናቲ ቤንጋልስ ኳርተርባክ ነበር፤ በኖርዝዌስተርን ዩኒቨርሲቲም ተምሯል። እዚያ ከነበሩት ከሮበርት ማኮል ጋር የ1969ኙን ውድድር ዘመን ጨዋታዎች ፈትሸው በ1971 ጥናታቸውን አሳተሙ። ጥያቄያቸው ቀላል ነበር፦ አንድ ቡድን በዚህ ቦታ ላይ አዲስ ሙከራ ሲጀምር፣ ቀጥሎ የሚቆጠረው ነጥብ በአማካይ ስንት ነው? የማንስ ነው? ከራስ ጎል አጠገብ ሲሆን መልሱ ከዜሮ በታች ሆነ። ኳሱን የያዝከው አንተ ነህ፤ ቀድሞ የማስቆጠር ዕድሉ ግን የተጋጣሚህ ነው። ወደፊት በተጠጋህ ቁጥር ዋጋው ያድጋል።

ዛሬ ይህ የሚጠበቅ ነጥብ ይባላል፤ ስሌቱም የሙከራውን ቁጥር፣ የቀረውን ያርድና ሰዓቱን ሁሉ ያካትታል። በግምት ከራስ 25 ያርድ የሚጀምር ቡድን 1 ነጥብ ገደማ «በኪሱ አለ»። ከተጋጣሚ 20 ያርድ ላይ ከሆነ ከ4 ያልፋል። ጎሉ አፍ ላይ ደግሞ 6 ገደማ። ከእያንዳንዱ ሙከራ በፊት የነበረውን ዋጋ ከሙከራው በኋላ ካለው ትቀንሳላችሁ። ልዩነቱ የዚያ ሙከራ ዋጋ ነው፤ ባለሙያዎቹ ኢፒኤ ይሉታል። አጥቂው እንዲጨምር፣ ተከላካዩ እንዲቀንስ ይፈልጋል። ስለዚህ ለተከላካይ ከዜሮ በታች የሆነ ቁጥር መልካም ዜና ነው። ሰንጠረዥ ላይ የመቀነስ ምልክት ያለበትን ተከላካይ አይታችሁ አትዘኑለት።

የዚህ መለኪያ ውበቱ ከላይ ያነሳናቸውን ጥያቄዎች አንድ ላይ መመለሱ ነው። ሙከራ በሙከራ ስለሚቆጥር የጨዋታው ፍጥነት አያሳብጠውም። የራሱ አጥቂ ጎሉ አጠገብ ኳስ ቢያስነጥቅ፣ ተከላካዩ ሲገባ ተጋጣሚ ገና ሳይጀምር 4 ነጥብ በእጁ እንዳለው ተቆጥሯል። እዚያ ቆሞ ፊልድ ጎል ብቻ ቢለቅ፣ ስሌቱ «3 ነጥብ ተቆጠረበት» ብሎ አይወቅሰውም። «ከሚጠበቀው አሳነሰ» ብሎ ይመሰክርለታል። ይህ ፍትሕ ነው፤ እኔ ይህንን መለኪያ የምወደው በዚህ ነው።

ከሱ ጎን የሚሄድ ቀለል ያለ ቁጥር አለ። አንድ ሙከራ ለአጥቂው ተሳካ ወይስ አልተሳካም ብሎ ብቻ ይጠይቃል። በአንዱ የተለመደ አቆጣጠር፣ በመጀመሪያው ሙከራ ከሚፈለገው ግማሹ፣ በሁለተኛው 70 በመቶው፣ በሦስተኛውና በአራተኛው ደግሞ ሙሉው መገኘት አለበት። ኢፒኤ አንድ የ70 ያርድ ታችዳውን ሲመጣ ክፉኛ ይንገዳገዳል። ይኼኛው አይንገዳገድም። ሁለቱን አብሮ ማየት ጥሩ ነው። ብዙውን ጊዜ አስቁሞ አልፎ አልፎ በአንድ ትልቅ ስህተት የሚመታ ተከላካይ እና በየሙከራው ጥቂት ጥቂት የሚለቅ ተከላካይ ይለያሉ።

«በማን ላይ?» የሚለው ይቀራል። አሮን ሻትዝ በ2003 ፉትቦል አውትሳይደርስ የተባለውን የስታቲስቲክስ ድረ ገጽ ሲመሠርት ይዞት የመጣው ዲቪኦኤ የተባለው መለኪያ ይህንን ይመልሳል። እያንዳንዱን ሙከራ በተመሳሳይ ሁኔታ ከሊጉ አማካይ ጋር ያነጻጽራል፤ ከዚያ የተጋጣሚውን ጥንካሬ አይቶ ያስተካክላል። ደካማ አጥቂዎችን ብቻ የገጠመ ቡድን እዚህ ጋ መደበቂያ ያጣል። እዚህም ለተከላካይ ከዜሮ በታች ይሻላል።

አንድ ነገር ግን የትኛውም ስሌት ሙሉ በሙሉ አያጸዳውም፤ ዕድልን። ተከላካይ ኳስ ከእጅ ማስጣል ይችላል፤ ችሎታ ነው። የወደቀችውን ኳስ ማን ያነሳታል የሚለው ግን ወደ ግማሽ በግማሽ የሚጠጋ ነገር ነው። ኳሷ ሞላላ ናት፤ ወዴት እንደምትነጥር ማንም አያውቅም። ባለፈው ዓመት የወደቁትን ኳሶች አብዛኞቹን ያነሳ ቡድን ካያችሁ፣ ዘንድሮም እንደዚያው ይሆናል ብላችሁ አትጠብቁ። በአጠቃላይ የተከላካይ ቁጥር ከዓመት ዓመት ከአጥቂው ይበልጥ ይዋዥቃል።

አንድን ሰው መለካት

እስካሁን ያወራነው ስለ ቡድን ነው። ወደ ግለሰብ ስንመጣ ነገሩ በጣም ይከብዳል። ደጋፊው ግን አብዝቶ የሚከራከረው እዚህ ላይ ነው።

ሳክ ኦፊሴላዊ ሆኖ መቆጠር የጀመረው በ1982 ነው። ሁለት ሰው አብሮ ከጣለ ግማሽ ግማሽ ይካፈላሉ። ማይክል ስትራሃን በ2001 22.5 አደረሰ፤ ቲጄ ዋት በ2021 እኩል ሆነው። ስትራሃን የመጨረሻዋን ያገኘው የፓከርሱ ኳርተርባክ ብሬት ፋቭር በቀላሉ ወድቆለት ነው የሚለው ክርክር እስካሁን አልበረደም። የሳክ ችግሩ ጥቂት መሆኑ ነው። ድንቅ ተጫዋች እንኳ በጨዋታ አንድ ገደማ ነው የሚያገኘው። ኳርተርባኩ ኳስ ይዞ ስለዘገየ ብቻ የሚመጣ ሳክም አለ። ስለዚህ ዛሬ ጫናን ይቆጥራሉ፦ የመታበትን፣ ያስቸኮለበትን፣ ከቦታው ያስነሳበትን ሁሉ። ጫና ብዙ ስለሆነ የነገውን ከሳክ ይልቅ ይጠቁማል። የራምሱን ተከላካይ አሮን ዶናልድን አስቡት። ሁለት ሰው እየተመደበበት ሲጫወት ኖሯል። እነዚያ ሁለቱ እሱን ሲይዙ ጎኑ ያለው ባልደረባው ነጻ ሆኖ ኳርተርባኩን ይጥላል። ሳኩ በባልደረባው ስም ይመዘገባል።

ታክል፣ ማለትም ኳስ የያዘውን ይዞ መጣል፣ ደካማው ቁጥር ነው። በ1 ያርድ ላይ የጣለም ከ15 ያርድ በኋላ የጣለም እኩል ያገኛል። ብቻውን ነው የጣለው ወይስ ረዳ የሚለውን የሚወስነው በየስታዲየሙ የተቀመጠ መዝጋቢ ዓይን ነው። ከኋላ የቆመ ተከላካይ በታክል ቡድኑን ከመራ፣ ከፊቱ ያሉት እያስመለጡ ይሆናል።

ከሁሉ የሚገርመኝ የኮርነርባክ ጉዳይ ነው፤ ተቀባይን የሚጠብቀው ሰው። የኦክላንድ ሬይደርሱ ናምዲ አሶሙጋ በ2006 8 ኢንተርሴፕሽን ነበረው። በቀጣዮቹ ሦስት ዓመታት በእያንዳንዱ አንድ አንድ ብቻ። ደክሞ ነው? አይደለም፤ በእነዚያ ዓመታት ከሊጉ ምርጦች አንዱ ነበር። ኳርተርባኮቹ ወደሱ መወርወር ተዉ። ጥሩ ዘበኛ ያለበትን ግቢ ሌባ አይሞክረውም፤ ዘበኛውም የያዘው ሌባ የለም። ዳሬል ሪቪስም በ2010 አንድም ኢንተርሴፕሽን አልነበረውም፤ የዓመቱ ምርጥ ቡድን ውስጥ ግን ገብቷል። በሌላ በኩል የዳላሱ ትሬቮን ዲግስ በ2021 11 ነጠቀ፤ ትልቅ ቁጥር ነው። ወደሱ በተወረወሩ ኳሶች የለቀቀው ያርድም ከሊጉ በጣም ብዙዎቹ አንዱ ነበር። እየደፈረ ይነጥቃል፣ እየደፈረ ይሳሳታል። የመንጠቅ ብዛት ብቻ የሚያይ የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ያጣቸዋል፣ ሦስተኛውን ያገንናል። ስለዚህ ጠቃሚው ጥያቄ፣ እሱ ሲጠብቅ በስንቱ ተወረወረበት፣ በአንድ ጥበቃስ ስንት ያርድ ለቀቀ የሚለው ነው።

ቴክኖሎጂ እዚህ ረድቷል። ከ2014 ጀምሮ በተጫዋቾች የትከሻ መከላከያ ውስጥ ትንንሽ ቺፕ ገብቷል፤ ያሉበትን ቦታ በሰከንድ 10 ጊዜ ይልካል። በ2017 ኳሱም ቺፕ ኖረው። ተቀባዩ ኳስ ሲደርሰው ተከላካዩ ስንት ያርድ ርቆ እንደነበር ዛሬ ይታወቃል። የስፖርት ቴሌቪዥን ጣቢያው ኢኤስፒኤን በዚሁ መረጃ የሚከለክለውን ሰው በ2.5 ሰከንድ ውስጥ ያለፈ ተከላካይ ማን እንደሆነ ይቆጥራል። ሳክ ባይገኝም ሥራው ይታያል። ፒኤፍኤፍ የተባለው ድርጅት ደግሞ በሰው ዓይን ይሄዳል፤ ተንታኞቹ ፊልሙን እያዩ እያንዳንዱን ተጫዋች በእያንዳንዱ ሙከራ ከ-2 እስከ +2 ይሰጡታል።

ቺፑም ተንታኙም የሚቸገሩበት ቦታ አንድ ነው። ተከላካዮች ብዙ ጊዜ ሰው አይጠብቁም፤ ቦታ ይጠብቃሉ። አንድ ተቀባይ በሁለት ተከላካዮች መሃል ባዶ ቦታ ላይ ብቻውን ቆሞ ኳስ ተቀበለ እንበል። ቺፑ ቅርብ የነበረውን ይጠቁማል። ፊልሙ ላይ እየሮጠ የደረሰው እሱ ነው፤ ጥፋተኛ ይመስላል። ግን ምናልባት ቦታው የሌላኛው ነበር፤ ይሄኛው የባልደረባውን ስህተት ለመሸፈን ነው የሮጠው። ከጨዋታው በፊት የተሰጠውን ትእዛዝ የሚያውቁት አሰልጣኞቹና ተጫዋቾቹ ብቻ ናቸው። ስለዚህ የአንድ ኮርነርባክ የአንድ ዓመት ቁጥር ይዞ «ይሄ ከዚያ ይበልጣል» የሚል ሰው ሲገጥመኝ አልቀበለውም። ቢያንስ የሦስት ዓመት መረጃና የቡድኑን አጠባበቅ ዘዴ አብሮ እንዲያመጣ እጠይቃለሁ።